የኦጋዴን ምድር አሠራርና የነዳጅ ተስፋዋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ስለ ኦጋዴን ምድር አሠራርና በውስጧ ስላለው ነዳጅ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በአገራችን «ነዳጅ ተገኘ» የሚለውን ወሬ አያቶቻችን በወጣትነታቸው ሰምተውታል፤ አባቶቻችንም ሰምተውታል፤ እኛም ሰምተነዋል። ወሬው በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ዝም ሲል ግን ደስታው ወደ ቅሬታ ይለወጣል። አንዳንዱ «ነዳጁስ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሸሽገውብን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይተርትበታል። እኛ ግን ስለ ጉዳዩ ከተማርን በኋላ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በሚገባ እንዳላዩት ተረድተናል። ነዳጅ በአንድ አገር የሚገኘው ወይም የሚታጣው ምድር በየዘመኑ በሠራችው ሥራና በሥራዋ ቅደም ተከተል ምክንያት ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው። በንግግራችን የምንጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ፥ ነዳጅ እንዲገኝ የሚያስፈልጉትን ነገሮች በአጭሩ እንዘርዝር። ብዙ ሰው ነዳጅ ዘይት ከምድር በታች እንደ ሐይቅ ተንጣልሎ የሚገኝ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዘይትም ሆነ ጋዝ የሚገኘው በድንጋይ ውስጥ ባሉት በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተመጥጦ፥ ልክ ውኃ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ እንደሚገኝ ሆኖ ነው። ለዚህም አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው እናት አለት ነው። ይህ በጥንት ዘመን በሐይቅ ወይም በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ጥቁር ጭቃ ሲሆን፥ በውኃው ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ደቃቅ ፍጥረታት ሞተው አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ስለ ተቀበሩ ሳይበሰብሱ ቀርተዋል። ሁለተኛው የምድር ሙቀት ነው። ያ ጭቃ በላዩ ሌላ ደለል እየተጫነበት ወደ ታች ሲወርድ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በውስጡ ያለው ቅሪት ወደ ዘይት ይለወጣል፤ ከዚያ አልፎ እጅግ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ራሱ ተሰባብሮ ጋዝ ይሆናል። ሦስተኛው ጎተራ የሚሆን፥ እንደ አሸዋ ድንጋይ ያለ ቀዳዳ የበዛበት አለት ነው። አራተኛው ደግሞ ጋዙ ወይም ዘይቱ ወደ ላይ አምልጦ እንዳይጠፋ ከጎተራው በላይ የሚከደን፥ እንደ ጨው፥ እንደ ጂፕሰም ወይም እንደ ጠጣር ጭቃ ያለ ክዳን ነው። ክዳኑም እንደ ተደፋ ሳሕን የጎበጠ ወይም በምድር ስብራት የተዘጋ መሆን አለበት።

እንግዲህ አራቱም ተሟልተው እንኳ ጊዜያቸው ካልገጠመ ጥቅም የለም። እህሉ ከተፈሰሰ በኋላ ጎተራ ቢሠራ ምን ይረባል? ዘይቱ ከእናት አለቱ የወጣው ክዳኑ ከመሠራቱ በፊት ከሆነ ፈስሶ ይጠፋል። ስለዚህ የነዳጅ ፍለጋ ማለት «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፥ «የትኛው ቀደመ?» ብሎ መጠየቅም ነው። ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኦጋዴን እንሂድ።

ኦጋዴን በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኝ ሰፊ ቆላ መሆኑን ሁላችንም በጂኦግራፊ ተምረናል። የሥነ ምድር ሊቃውንት «የኦጋዴን ተፋሰስ» ሲሉ ግን የወንዞችን መውረጃ ማለታቸው ሳይሆን፥ ምድር ዝቅ ብላ ደለል የሞላባትን ታላቅ ጎድጓዳ ቦታ ማለታቸው ነው። ስፋቱ 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጥልቁ ሥፍራ የደለሉ ውፍረት እስከ 10 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይገመታል። ከላይ የሚታየው ሜዳና ቁጥቋጦ፥ ግመልና ፍየል የሚሰማራበት ደረቅ መሬት፥ የብዙ ሚሊዮን ዓመታት ታሪክ የተጻፈበት የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። ታሪኩንም በሦስት ዘመናት ከፍለን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የመሰንጠቅ ዘመን ነው። ከዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካ፥ ማዳጋስካር፥ ህንድ፥ ዐረቢያ፥ አውስትራሊያ፥ ደቡብ አሜሪካና አንታርክቲካ ጎንድዋና በሚባል አንድ ታላቅ አህጉር ውስጥ ተጣብቀው ይኖሩ ነበር። ይህ አህጉር ከውስጥ ሊለያይ ሲጀምር ከደቡብ አፍሪካ አንሥቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ብዙ ስንጥቆች ተከፈቱ። ዘመኑም በደቡብ አፍሪካ በሚገኘው ደረቅ አገር ስም «ካሩ» ይባላል። ከእነዚህ ስንጥቆች አንዳንዶቹ በኦጋዴን ሥር አለፉ። ዛሬ በስምጥ ሸለቋችን እንደምናየው ሁሉ፥ በሁለት ወገን ገደል፥ በመካከል ዝቅ ያለ ሸለቆ ሆነ ማለት ነው። ወንዞች በመጀመሪያ አሸዋና ጠጠር አመጡ፤ ይህ አሸዋ ዛሬ «የካሉብ አሸዋ ድንጋይ» ተብሎ ይጠራል። ከዚያም ሸለቆው እየጠለቀ ስለ ሄደ ሐይቅ ሞላበት። እንደ ዛሬው እንደ ታንጋኒካ ያለ ጥልቅ ሐይቅ ነበር ብለን ልናስበው እንችላለን። በሐይቁም ወለል ጥቁር ጭቃ ተከማቸ፤ እርሱም «የቦኽ ጭቃ አለት» ይባላል። ልብ በሉ፤ ይህ አለት ሁለት ሥራ አለው፤ ለጋዙ እናትም ነው፤ ከበታቹ ላለው ለካሉብ አሸዋ ድንጋይ ክዳንም ነው።

ስንጥቁ ሥራውን ሳይፈጽም ቆመ። ኦጋዴን ተሰንጥቃ ባሕር ሳትሆን ቀረች። ነገር ግን ቅርፊቷ ሳስቶ ስለ ነበር ቀስ በቀስ መስመጧን አላቆመችም። በላይዋም ወንዞች ሌላ ሰፊ የአሸዋ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ይህም የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ስሙ ከትግራይ የመጣ መሆኑ አያስደንቃችሁ። በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ አለቱን በዓዲግራት አካባቢ አይቶ ስሙን ሰጠው። ያው የአለት ወገን በኦጋዴን ከምድር በታች በብዙ ሺህ ሜትር ተቀብሮ ይገኛል። በትግራይ ተራራ ላይ በእጅ የሚዳሰሰው ድንጋይ በኦጋዴን የጋዝ ጎተራ ሆኗል።

ሁለተኛው የባሕር ዘመን ነው። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ ጎንድዋና እየተለያየ ማዳጋስካርና ህንድ ከአፍሪካ መራቅ ሲጀምሩ፥ ባሕሩ ከምሥራቅ ወደ አገራችን ገባ። ይህ ባሕር ኦጋዴንን ብቻ አልሸፈነም፤ ሐረርጌን፥ የዐባይን አገርና ትግራይንም አጥለቅልቆ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በመኪና የተጓዘ ሰው በዐባይ ሸለቆ ይህን ሁሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ያየዋል። ከታች የአሸዋ ድንጋይ፥ ከዚያ ላይ ጂፕሰምና ጭቃ፥ ከዚያ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የተቀበረበት የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም ላይ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ፤ በመጨረሻም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁሉን ደፍኖ ይታያል። ከባሕር እጅግ በራቀ ደጋ ላይ የባሕር ዛጎል መገኘቱ ምድር ምን ያህል እንደምትለዋወጥ ያስተምረናል።

በኦጋዴን ይህ ባሕር ወፍራም የኖራ ድንጋይና ዶሎማይት አስቀመጠ፤ እርሱም «ሐማንሌይ» ይባላል። ከላዩ ባሕሩ ሲጠልቅ «ኡራንዳብ» የሚባል ጥቁር ጭቃ አለት፥ ከዚያም በቀብሪ ደሀር ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ ተከተሉ። ቀጥሎ ባሕሩ እያነሰና በፀሐይ እየደረቀ ሲሄድ ወፍራም ጂፕሰም ቀረ። ከዚያ በኋላም ባሕሩ ደጋግሞ ገባ፤ ደጋግሞም ወጣ፤ ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ጨርሶ ተሰናበተ።

ሦስተኛው ከፍ የማለት ዘመን ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአፋር አካባቢ ከምድር ጥልቅ የመጣ ታላቅ ሙቀት ቅርፊቱን ወደ ላይ አነሣው። የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈስሶ ደጋውን ሠራ፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ መከፈት ጀመሩ፤ ስምጥ ሸለቋችንም ኋላ ተከተለ። ሰሜኑና ምዕራቡ ሲነሣ ኦጋዴን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዘነበለች። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ከባሌና ከአርሲ ከፍታ ተነሥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚፈስሱት ይህን ዝንባሌ ተከትለው ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። እናት አለት አለ፤ ጎተራም አለ፤ ክዳንም አለ። ታዲያ ኦጋዴን ስለ ምን እንደ ዐረብ አገር የዘይት ባለጠጋ አልሆነችም? በጁራሲክ ዘመን የነበረው ባሕር እኮ ሳዑዲ ዐረቢያንም የመንንም ሸፍኖ ነበር። በዓለም ከታወቁት የዘይት ሜዳዎች ሁሉ የሚበልጠው በ1948 የተገኘው የሳዑዲው ገዋር ዘይቱን የሚቀዳው በዚያው በጁራሲክ ዘመን ከተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው። የየመኑ ማሪብም፥ ዘይት በ1984 የተገኘበት፥ እናት አለቱ የኡራንዳብ እኩያ ነው።

መልሱ ቀደም ብለን በተናገርነው በጊዜና በጥልቀት ነገር ውስጥ ይገኛል። በማሪብ ምድር የተሰነጠቀችው በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ስለ ነበረ፥ ጥቁሩ ጭቃ በስንጥቁ ውስጥ በጥልቅ ተቀበረ፤ ወዲያውም ወፍራም ጨው ከደነው። እናቱም፥ ሙቀቱም፥ ክዳኑም በአንድ ወቅት ተገናኙ። በኦጋዴን ግን ትልቁ ስንጥቅ ከዚያ አስቀድሞ በካሩ ዘመን ስለ ነበረ፥ በጥልቅ የተቀበረው የቦኽ ጭቃ ነው። እርሱ እጅግ ወደ ታች ስለ ወረደ በብዙ ሥፍራ ከመጠን በላይ በሰለና ጋዝ ሆነ። ኡራንዳብ ደግሞ በላይ በኩል ስለሚገኝ በአብዛኛው ሥፍራ በቂ ሙቀት አላገኘም፤ ጥሬ ቀረ። በአንድ ምድጃ ላይ የተጣዱ ሁለት ድስቶች ናቸው፤ የታችኛው አረረ፥ የላይኛው ሳይበስል ቀረ። ኋላም ምድር ከፍ ስትል የላይኛው ደለል መጠረግ ጀመረ፤ መቀበር ያቆመው አለትም መብሰሉን አቆመ።

ይህ ማለት ግን ዘይት ከቶ የለም ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ሐማንሌይ በአንዳንድ ሥፍራ ደኅና ሙቀት አግኝቷል። በሂላላ ቀላል ዘይት የታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በተፋሰሱም ውስጥ አንዱ ሥፍራ ከሌላው ይጠልቃል፤ ስለዚህ ኡራንዳብ ይበልጥ የተቀበረበትን ሥፍራ መፈለግ ዋጋ አለው። ነገር ግን እስከ ዛሬ በተገኘው መረጃ የኦጋዴን ዋና ሀብት ጋዝ መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

የፍለጋውም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1945 ሲንክሌር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ ፍለጋ ጀመረ፤ ጉድጓዶችም ቆፈረ፤ ለገበያ የሚሆን ነዳጅ ግን ሳያገኝ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ ጋዝ አገኘ። ጋዙም የተገኘው 3 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጠልቀው አለት ውስጥ ነው። ወዲያው አብዮት መጣ፤ በ1977 እና በ1978 ደግሞ ኦጋዴን የጦርነት ሜዳ ሆነች። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ሥራውን ቀጥለው በካሉብና በሂላላ ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ። በ2007 በአቦሌ በሚገኘው የፍለጋ ሰፈር ላይ በተጣለ አደጋ ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጅ በገንዘብ ብቻ የሚፈለግ ነገር አለመሆኑን ይህ አሳዛኝ ቀን ያስታውሰናል። በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለ የቻይና ኩባንያ ሥራውን ተረከበ፤ በ2018 በሂላላ ድፍድፍ ዘይት በቀን 450 በርሜል ያህል ለሙከራ ማውጣት መጀመሩ ተነገረ፤ በ2025 ደግሞ የካሉብ የጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ክፍል ተመረቀ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ፈቃድ እስከዚህ ምረቃ ድረስ 80 ዓመት ሄዷል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ይጠቅመናል። «ምልክት ታየ»፥ «ነዳጅ ተገኘ»፥ «ነዳጅ ተመረተ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምልክት የሚባለው በጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ዘይት ወይም ጋዝ መታየቱ ነው። ግኝት የሚባለው መጠኑ ተለክቶ ለሥራ የሚበቃ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ምርት የሚባለው ግን ቧንቧው፥ መንገዱ፥ ገበያውና ሰላሙ ሲሟላ ብቻ የሚመጣ ነው። በተለይ ጋዝ እንደ ዘይት በበርሜል ተጭኖ አይሄድም፤ በረጅም ቧንቧ መተላለፍ ወይም እጅግ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ አለበት። የካሉብ ጋዝ ከተገኘ በኋላ 50 ዓመት ያህል የተቀመጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሕዝባችን ሦስቱን ቃላት ቢለይ በወሬ መደሰትና በወሬ ማዘን ይቀንስለት ነበር። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባል የለ!

ታዲያ ጋዝ ከዘይት ያነሰ ሀብት ነው ብለን ማዘን አለብን? እኛ አይመስለንም። በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንዳየነው ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጂን ይገኛል፤ ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያም ዩሪያ ይሠራል። ዩሪያ ደግሞ ገበሬው በየዓመቱ በውድ ዋጋ እየገዛ በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ነው። በጥልቅ ሐይቅ ወለል የተቀበረው ጥንታዊ ጭቃ አንድ ቀን የጎጃም ጤፍና የአርሲ ስንዴ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ከጋዙ በፊት የቦታው ባለቤት የሆነው አርብቶ አደር መታሰብ አለበት። ጋዙ ከእግሩ ሥር ወጥቶ በቧንቧ ሲያልፍ እርሱ በውኃ ጥም ቆሞ የሚያይ ከሆነ፥ ሥራው ምርት ይባላል እንጂ ልማት አይባልም። ውኃ፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ከጋዙ ጋር አብረው መምጣት ይገባቸዋል።

በመጨረሻ ለትምህርት ጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ተማሪዎች ምን ልንማር እንዳሰብን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ፥ አብዛኞቻችን ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ መሆን እንፈልጋለን። ሥነ ምድር ልማር የሚል ግን እጅግ ጥቂት ነው። የአገራችንን አለት ስም የሰጡት፥ የቆፈሩትና የለኩት በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱንም ከእነርሱ አፍ እየሰማን ኖረናል። በእኛ ዘመን የኢትዮጵያ ሥነ ምድር ሊቃውንት ተነሥተዋል፤ ቁጥራቸው ግን ከአገሪቱ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። የጉድጓዱን መዝገብ ራሱ አንብቦ የሚመረምር ሰው ያለው አገር ውል ሲፈርም አይታለልም፤ ወሬ ሲሰማም አይደናገጥም። «ሸሽገውብን ነው» የሚለውን ጥርጣሬ የሚያጠፋው ሌላ ወሬ ሳይሆን ዕውቀት ነው።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ የቦኽ ጭቃ ጋዝ እስኪሆን ብዙ ሚሊዮን ዓመት ፈጅቷል። እኛ የምንፈልገው ግን የጥቂት ዓመታት ትምህርትና ትዕግሥት ነው። ከመካከላችን ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች እንኳ መዶሻና ኮምፓስ ይዘው ወደ ዐባይ ሸለቆ፥ ወደ ትግራይ ተራራ፥ ወደ ኦጋዴን ሜዳ ቢወጡ ይህ ንግግራችን ከንቱ አልሆነም ማለት ነው።